ወደ ጃፓን ለሚሄዱ ልጆቻችን የመንገድ ስንቅ

አባቶቻችን «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ይህ ምሳሌ ግን ወደ ጃፓን ሲደርስ የሚሰናከል ይመስለናል። ኢትዮጵያውያን ጃፓንን በዓይናቸው ሳያዩ፣ በዝናዋ ብቻ ሲናፍቋት ኖረዋልና። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁ፣ በ1881 ዓ.ም. የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ሆኖ አገልግሏቸዋል። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ባሕር ተሻግረው ጃፓን ደርሰው ተመለሱ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በሰየሙት መጽሐፍ ለወገናቸው አካፈሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. ጃፓንን ጎበኙ፤ የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶም ከባለቤታቸው ጋር በ1953 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጡ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የማራቶኑን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ ሲያሸንፍ፣ የአገራችን ስም በጃፓናውያን ልብ ተጻፈ።

እንግዲህ በዘመናችን ወደዚያች አገር የሚሄደው ሚኒስትር ወይም ሯጭ ብቻ አይደለም። የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘ መምህር፣ ለአጭር ሥልጠና የተላከ የግብርና ባለሙያ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህም የጃፓንን የሥራ ሥርዐት ለማየት የሚላክ የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ መንገደኛ ሆኗል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄደው ልጅና ለሚሸኙት ወላጆቹ የሚጠቅመውን ጥቂት ምክር በዚህ ገጽ ልናቀርብ ወደድን። በጽሑፋችን የምናነሣው ዓመት ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው።

እኛ በምንኖርበት በጃጁራ፣ በሀድያ ምድር፣ «ውጭ አገር» የሚለው ቃል በደስታ ብቻ የሚሰማ አይደለም። ከሀድያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች በደላላ እየተመሩ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በዛምቢያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዘዋል። ደርሶ ቤት የሠራ አለ፤ በመንገድ የቀረም አለ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ በተገኘ ጊዜ፣ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ሲነገር፣ በብዙ ደጅ ስልክ የማያነሣ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ተንቀጥቅጣለች። እንዲህ ያለውን ሐዘን ለሚያውቅ ቤተ ሰብ፣ ልጁ በቀና መንገድ ሄዶ፣ ተምሮ፣ በጤና እንዲመለስ መምከር ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመነሣት በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ኢትዮጵያዊ ወደ ጃፓን ለመግባት ቪዛ የሚያስፈልገው መሆኑና ቪዛውንም የሚሰጠው አዲስ አበባ የሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ መሆኑ ነው። የጃፓን መንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር በኤምባሲው በኩል በየዓመቱ የነጻ ትምህርት ማስታወቂያ ያወጣል። ለዚህ ዕድል ለማመልከት የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ለተመረጠውም የትምህርቱን ክፍያ፣ የአውሮፕላኑን ዋጋና የወር መተዳደሪያውን የሚሸፍነው ያው መንግሥት ነው። ስለዚህ «የጃፓን ዕድል አለኝ፤ ይህን ያህል ሺህ ብር አምጡ» የሚል ሰው ወደ ደጃችሁ ቢመጣ፣ በሬያችሁን ወይም መሬታችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ልጃችሁ ራሱ ኤምባሲውን ይጠይቅ። «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ተብሏል፤ ባለመጠየቅ ግን ጥሪትም ይጠፋል።

ተማሪ ሆኖ የሚሄድ ደግሞ የቪዛውን ሕግ ይወቅ። ተማሪ ከትምህርቱ ጎን ሊሠራ የሚችለው ፈቃድ ካገኘ በኋላ ነው፤ ትምህርት ባለበት ወቅትም በሳምንት ከ28 ሰዓት አይበልጥም። ይህን የተላለፈ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። «ሂድና ወዲያው ገንዘብ ላክ» እያሉ የሚያስጨንቁ ዘመዶች ይህን ቍጥር ቢያስታውሱ መልካም ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2007 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ በኩል በቶኪዮ አጠገብ ወዳለው ወደ ናሪታ መብረር ጀምሮ ነበር። የማረፊያው ከተማ በየጊዜው ሊለወጥ ስለሚችል ትኬት በሚቈረጥበት ቀን ማረጋገጥ ይገባል።

እናቶች ስንቅ ሲያሰናዱ ቋንጣ እንዳይጨምሩ አደራ እንላለን። ጃፓን ሥጋና የሥጋ ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ አትፈቅድምና። በርበሬና ሽሮ በንጹሕ ታሽጎ ስሙ ይጻፍበት፤ በመግቢያውም ለመርማሪዎቹ መታየት ይገባዋል። ቡናው የተቈላ ይሁን፤ ጥሬው ፍሬ የዕፅዋት ምርመራ ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪክ ኀይላቸው 100 ቮልት ነው፤ የእኛው 220 መሆኑን የምታውቁት ነው። የስልክ መሙያው «100–240» የሚል ጽሑፍ ያለው ከሆነ ያገለግላል፤ መሰኪያው ግን ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሊሆን ያስፈልጋል።

ስለ ሰዓትና ስለ ዘመን

መንገደኛ ሁሉ ባዕድ አገር ሲደርስ ሰዓቱን ያዞራል። በጃፓን ግን ለኢትዮጵያዊ የሚያስደንቅ ነገር ይገጥመዋል። ቶኪዮ ከሆሳዕና በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ እነርሱ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ሲጀምሩ እኛ ከንጋት እንጀምራለንና፣ ሁለቱ ልዩነት ተደምሮ የሰዓቱ መርፌ አንድ ቦታ ላይ ይውላል። በጃጁራ እኩለ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ከምሽቱ 6 ሰዓት ነው። እንግዲህ በእኛ አቈጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው መርፌውን ሳይነካ የጃፓንን ሰዓት ያነባል ማለት ነው። መጠንቀቅ የሚገባው ቀንና ሌሊቱ ሲለይ ብቻ ነው። እናት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሥራዋን ፈጽማ ብትደውል፣ ልጇ በዚያ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ላይ ከከባድ እንቅልፍ ይነሣል። ስለዚህ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ መደወል የተሻለ ነው።

ጃፓናውያን ከአውሮፓ አቈጣጠር ጋር የንጉሠ ነገሥታቸውን ዘመን ይቈጥራሉ። ያሁኑ ዘመን «ሬይዋ» ይባላል፤ የተጀመረውም ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በመሥሪያ ቤት የሚሞላ ቅጽ ይህን ዘመን ሊጠይቅ ይችላል። የትውልድ ቀን ሲጻፍ ግን በፓስፖርቱ ላይ ካለው አንድ ቀን እንኳ እንዳይዛነፍ ያስፈልጋል። ሁለት ዘመን በሚቈጥር አገር የተወለደ ሰው በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ይቸገራልና።

ፊደልና ንግግር

ብዙ ሰው የጃፓንን ጽሕፈት አይቶ ይደነግጣል። ለሀ ሁ ሂ ልጅ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። «ሂራጋና» እና «ካታካና» የሚባሉት ሁለቱ ፊደሎቻቸው እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክት አላቸው፤ እንደ እኛም ፊደል አንዱ ምልክት የአንድ ክፍለ ቃል ድምፅ ይይዛል። ስለዚህ የጃፓንን ቃል በላቲን ፊደል ከመጻፍ በእኛ ፊደል መጻፍ ይቀላል። ሦስተኛው ግን ከቻይና የመጣው «ካንጂ» ነው። በመደበኛ አጠቃቀም ብቻ 2136 የሚሆን ሥዕል መሰል ምልክት ስላለው በአንድ ዓመት አይዘለቅም። መንገደኛው ሂራጋናውንና ካታካናውን ከአገሩ ሳይወጣ በሁለት ወር ቢቈጥር፣ የጣቢያውን ስምና የምግቡን ዝርዝር በከፊል ለማንበብ ይችላል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉና።

ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። የጃፓን ዐረፍተ ነገር እንደ አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ያኖራል። «አንቱ» እና «አንተ» ብለን እንደምንለይ ሁሉ እነርሱም ለትልቅና ለትንሽ፣ ለእንግዳና ለዘመድ የተለየ አነጋገር አላቸው። ከሰው ስም ቀጥሎ «ሳን» ማለት የአክብሮት ነው፤ ሰው ግን ለራሱ ስም «ሳን» አይልም። የቤተ ሰብን ስም ስለሚያስቀድሙ ልጃችሁን በፓስፖርቱ መጨረሻ ላይ በተጻፈው ስም፣ ማለት በአባቱ ወይም በአያቱ ስም፣ ይጠሩታል። አያቱን የሚፈልጉ መስሎት ዝም እንዳይል አስቀድሞ ይነገረው።

ጥቂት ቃል ይያዝ፤ ለምስጋና «አሪጋቶ ጎዛይማስ»፣ ይቅርታ ለመጠየቅም ሆነ ሰውን ለመጥራት «ሱሚማሴን»፣ ለጧት ሰላምታ «ኦሃዮ ጎዛይማስ»፣ ለቀን ሰላምታ «ኮንኒቺዋ» ይባላል። ጃፓናዊ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል፤ «ቾቶ…» ብሎ ንግግሩን ካንጠለጠለ እምቢ ማለቱ ነው። «እስቲ እናያለን» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ በሽማግሌ ፊት ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በሰው ቤት

ጃፓናዊ ቤት ሲገባ ጫማውን በደጃፉ ያወልቃል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ወደ ቤተ መቅደስ ስንገባ የምናደርገው ነውና። የተወለቀው ጫማ ጫፉ ወደ ውጭ ዞሮ ይቀመጣል። ለቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ይሰጣል፤ «ታታሚ» በሚባለው የሰሌን ምንጣፍ ላይ ግን እርሱም ይወልቃል። ለመጸዳጃ ቤት የተለየ ነጠላ ጫማ ስላለ፣ እርሱን አድርጎ ወደ ሳሎን መመለስ ያሳፍራል። ስለዚህ የተቀደደ ካልሲ አይያዝ።

ሰላምታቸው እንደ ጥንቱ እጅ መንሳት ጎንበስ ማለት ነው። መሳሳምና ትከሻ መግጨት ልማዳቸው አይደለም። ስጦታም ሆነ የስም ካርድ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅም ይቀበላል፤ ይህንንም ከወላጆቻችን ተምረነዋል። ለስጦታ ከተቈላ የኢትዮጵያ ቡና የሚበልጥ አይገኝም፤ ጃፓናውያን የኢትዮጵያን ቡና «ሞካ» እያሉ ያውቁታልና። ስጦታው በቍጥር አራት አይሁን፤ በቋንቋቸው «ሺ» የሚለው ድምፅ አራትንም ሞትንም ያሰማል።

በእንግዳ ማረፊያ «ዩካታ» የሚባል ቀለል ያለ ልብስ ይሰጣል። ሲለበስ የግራው ጎን በቀኙ ላይ ይደረባል። በተቃራኒው የሚደረበው ለሬሳ ብቻ ነው። ነጠላ ለደስታና ለሐዘን በተለያየ አኳኋን እንደሚለበስ የሚያውቅ ሰው ይህን አቃልሎ አያይም።

በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሰው አስቀድሞ ሰውነቱን በሳሙና ታጥቦ፣ ተለቃልቆ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሙቁ ገንዳ ይገባል፤ ገንዳው መታጠቢያ ሳይሆን ማረፊያ ነውና። ብዙዎቹ መታጠቢያ ቤቶች ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም። ይህ ክልከላ በግንባር ወይም በእጅ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላቸውን እኅቶቻችንን ሊያጋጥማቸው ይችላል። ሃይማኖትን መጥላት አይደለም፤ በአገራቸው ንቅሳት የወሮበሎች ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ከማዘን ያድናል።

በማዕድና በጾም

በገበታ ከመብላት በፊት «ኢታዳኪማስ»፣ ከበሉ በኋላ «ጎቺሶሳማ ዴሽታ» ይባላል። እጅ ማስታጠቢያችንን የሚተካ እርጥብ ፎጣ ይቀርባል፤ እጅ ይጠረግበታል እንጂ ፊት አይጠረግበትም። «ሃሺ» የሚባሉትን ሁለቱን የመብል እንጨቶች በሩዙ ላይ አቁሞ መሰካትና ምግብ ከእንጨት ወደ እንጨት ማቀባበል ነውር ነው፤ ሁለቱም የቀብር ሥርዐትን የሚያስታውሱ ናቸው። ስለዚህ የፍቅር ጉርሻችን በዚያ አገር ይቈየን። ለራስ መቅዳት ግን በእነርሱም ዘንድ ጨዋነት አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ይቀዳል። ጥሬ ዓሣ ሲቀርብ የሚደነግጥ ቢኖር፣ እኛም ጥሬ ሥጋ እንደምንበላ ያስታውስ። «ናቶ» የሚባለው የፈላ አኩሪ አተርም ሽታው እንግዳን ያሸሻል፤ ቆጮ በጉድጓድ ሲብላላ ያየ የሀድያና የከምባታ ልጅ ግን ሽታ ሁሉ ብልሽት እንዳልሆነ ያውቃል።

የጾሙ ነገር ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጃፓን ሾርባ ሁሉ ማለት ይቻላል «ዳሺ» የሚባል መረቅ አለ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የሚዘጋጅ ነው። አትክልት ብቻ የሚመስለው ወጥና ከናቶው ጋር የሚመጣው ማጣፈጫ ሳይቀር ዓሣ ሊኖርበት ይችላል። «ሥጋ አልበላም» ብቻ ቢሉ ዓሣ ይቀርባል፤ በእነርሱ ዘንድ ዓሣ ሥጋ አይባልምና። ስለዚህ ሥጋ «ኒኩ»፣ ዓሣ «ሳካና»፣ እንቍላል «ታማጎ»፣ ወተት «ግዩንዩ» መሆኑን ይዞ፣ እያንዳንዱን ስም ጠርቶ «ታቤራሬማሴን» ማለት፣ ማለት «ልበላ አይቻለኝም» ማለት ነው፣ ያሻል። «ኮምቡ» ከሚባለው የባሕር ዕፅ ብቻ የሚዘጋጅ መረቅ መኖሩንም ይጠይቅ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው «ሾጂን ርዮሪ» የሚባለውን ምግብ መፈለግ ነው። ይህ የቡድሃ መነኰሳት የሚመገቡት፣ ሥጋም ዓሣም እንቍላልም የሌለበት ገበታ ነው። ቶፉ፣ ሩዝና ባቄላ በየሱቁ ስለሚገኝ፣ በቤቱ የሚያበስል ተማሪ ዐቢይ ጾምን ያለ ችግር ሊፈጽም ይችላል። መንገደኛነትና ሕመም ሲያጋጥም ስለሚሆነው ነገር ግን ከመሄድ በፊት የንስሓ አባትን ማማከር እንጂ በራስ መፍረድ አይገባም።

በመንገድና በባቡር

ጃፓን መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው። መንገድ የሚሻገር ኢትዮጵያዊ ከለመደው በተቃራኒ አስቀድሞ ወደ ቀኝ ይመልከት። «ሺንካንሰን» የሚባለው ፈጣን ባቡር በቶኪዮና በኦሳካ መካከል የተከፈተው መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ አበበ ቢቂላ ከሮጠበት ቀን በ20 ቀን ብቻ ይቀድማል። ባቡራቸው ደቂቃ ይጠብቃል፤ ሰውን ግን አይጠብቅም። በባቡር ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርጎ መነጋገርና በስልክ ማውራት ነውር ነው። ሰው በሰልፍ ይቆማል፣ ወራጁ ሳይወርድ ተሳፋሪ አይገባም። «ሱይካ» ወይም «ፓስሞ» የሚባለውን ካርድ ገዝቶ ገንዘብ መሙላት ለከተማ ባቡር ይበቃል።

ለአስተናጋጅ ጉርሻ ገንዘብ አይተውም፤ ቢተውለት ሮጦ ሊመልስ ይችላል። በመንገድ ላይ የቈሻሻ መጣያ ጥቂት ስለ ሆነ ሰው ቈሻሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በቤቱም በየዓይነቱ ለይቶ በተወሰነለት ቀን ያወጣል። የጠፋ ዕቃ ሲገኝ «ኮባን» ወደሚባለው የሠፈር ፖሊስ ጣቢያ ይወሰዳልና የጠፋበት ሰው በዚያ ይጠይቅ። የፖሊስ ስልክ 110፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ስልክ 119 ነው። ጎብኚ ፓስፖርቱን፣ ነዋሪ የመኖሪያ ካርዱን ዘወትር ሊይዝ ሕጉ ያዛል። ከሦስት ወር በላይ የሚቀመጥ ተማሪ የጤና መድን ይገባል፤ በሕክምናም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 30ውን ብቻ ይከፍላል።

በዱራሜ አጠገብ ያለውን የሀምበሪቾን ተራራ በ777 ደረጃ የወጣ ጐልማሳ 3776 ሜትር ከፍታ ያለውን የፉጂን ተራራ ሊመኝ ይችላል። የመውጫው ወራት ግን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ ብቻ መሆኑን ይወቅ፤ በሌላው ወራት በበረዶው ሰው ይሞታል።

በእምነት ስፍራዎች

በኪዮቶና በናራ የሚታዩት ጥንታውያን ቤቶች የሺንቶና የቡድሃ እምነት ስፍራዎች ናቸው። የሕንፃውን ጥበብ ማየትና የሰውን እምነት ማክበር ጨዋነት ነው፤ በአምልኮው መካፈል ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፎቶግራፍ የተከለከለበትን ምልክት ጠብቆ፣ በሚጸልዩት ፊት ሳያቋርጥ ቢመለከት ማንም አይቀየመውም፤ አጨብጭብ ወይም ስገድ ብሎ የሚያስገድደውም የለም።

በቶኪዮ በካንዳ ሠፈር የታወቀ የኦርቶዶክስ ካቴድራል አለ። በ1853 ዓ.ም. ከሩስያ መጥተው ወንጌልን የሰበኩት ኒኮላይ ያሠሩት ሲሆን በ1883 ዓ.ም. ተፈጸመ። በ1915 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ በ1922 ዓ.ም. ታደሰ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር በቅዱስ ቍርባን አንድ አይደለችምና ልጆቻችን በስሟ ብቻ ተመርተው እንዳይሳሳቱ ይሁን። እኅታችን የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ግን በኪዮቶ አውራጃ በኪዙጋዋ ከተማ ቤተ መቅደስ አላት። በቶኪዮ በካትሱሺካ ወረዳም ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በዓልና ሐዘን ሲመጣ ከወገን ጋር መገናኘት ለነፍስም ለሥጋም ይጠቅማል።

ምድር ስትናወጥ

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ ብዙዎቻችን ደንግጠን ነበር። በጃፓን ይህ የዘወትር ነገር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን የደረሰው መንቀጥቀጥና ያስነሣው የባሕር ማዕበል ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሮጦ ወደ ውጭ መውጣት ሳይሆን፣ ከጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መሸፈን ይሻላል። ከባሕር ዳር ያለ ሰው ግን መናወጡ እንዳበቃ ዕቃ ሳይሰበስብ ወደ ከፍተኛ ቦታ ይውጣ። የስልኩ የማስጠንቀቂያ ጩኸት አይጥፋ። ልጁ በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት የሠፈሩን መሸሻ ቦታ አይቶ ለወላጆቹ ቢነግር፣ ወሬ በተሰማ ቀን እናቲቱ በከንቱ አትጨነቅም።

ለሚሄዱትና ለሚቀሩት

ስለ ባዕድ አገር የሚነገር ምክር ሁሉ ሰውን የሚያስፈራ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው፣ ጃፓን የምትጠይቀው ብዙው ነገር በእኛ ቤት የነበረ ነው፤ ጫማ ማውለቅ፣ በሁለት እጅ መቀበል፣ ታላቅን ማስቀደም፣ ለሌላው መቅዳት። ጃፓናውያን ባቡርና ፋብሪካ ሲሠሩ ይህን አልጣሉም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በዘመናቸው ሄደው ያዩትን ለወገናቸው እንደ ጻፉ፣ የዛሬውም ተማሪ ያየውን ጽፎ ለትምህርት ቤቱ ቢያካፍል ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ስጦታ ነው። በጃፓን መምህራን እርስ በርሳቸው ክፍል ገብተው እየተያዩ ትምህርቱን የሚያሻሽሉበት ልማድ አለ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር በጃጁራም ሊደረግ ይችላል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁን ስትሸኙ «ምን ትልክልናለህ?» ከማለት በፊት «በጤና አለህን? በልተሃልን? ጓደኛ አገኘህን?» ለማለት ቃል ግቡለት። ዝምታ የበዛበት አገር ነውና ብቸኝነት ከብርዱ ይልቅ ይጎዳል። የመስቀል ሰሞን፣ ሀድያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብር፣ ምርቃታችሁን በስልክ አሰሙት፤ ሰዓቱንም አትርሱ፣ ከቀትር በፊት ይሁን። ልጆች ሆይ፤ ትምህርታችሁን ፈጽማችሁ በሕጋዊ ወረቀት እንደ ሄዳችሁ በሕጋዊ ወረቀት ተመለሱ። በዚህ አገር ደጁን ከፍቶ የሚጠብቅ ቤት ብዙ ነው፤ መንገዱንም እግዚአብሔር ያቅናላችሁ።